ጠጋኝ ያጣ ኮምፒዩተር

ለአጥቢያ ማኅበረ ምእመናን መሪዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከውኃ ጉድጓድ፣ ከእህል እደላና ከችግኝ ጣቢያ የራቀ ሊመስላችሁ እንደሚችል እናውቃለን። የምንናገረው በየጽሕፈት ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ስላሉት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ነው። ሆኖም የውኃ ጉድጓዱ ሒሳብ፣ እህል የተቀበሉት ቤተሰቦች ስም፣ በእርዳታ የሚማሩት ሕፃናት ዝርዝር ከነፎቶግራፋቸው የሚገኘው በእነዚሁ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ነው። እንግዲህ ነገሩ የዕቃ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአደራ ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ የሆነውን እንግለጽ። ቀኖቹን የምንጠቅሰው በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው፤ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚታየውም በዚያው ነውና። ማንኛውም ኮምፒዩተር ሥራውን የሚያከናውነው ኦፕሬቲንግ ሲስተም በሚባል ዋና ፕሮግራም አማካይነት ነው። በአብዛኞቹ ጽሕፈት ቤቶቻችን የሚገኘው የማይክሮሶፍት ኩባንያ ሥራ የሆነው ዊንዶውስ ነው። ይህም በየጊዜው በአዲስ ስምና ቁጥር ይወጣል። ዊንዶውስ ኤክስፒ በ2001 ወጥቶ የኩባንያው ድጋፍ ኤፕሪል 8 ቀን 2014 አበቃ። ዊንዶውስ 7 በ2009 ወጥቶ ድጋፉ ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 አበቃ። ዊንዶውስ 10 ደግሞ በጁላይ 2015 ወጥቶ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ።

ድጋፉ አበቃ ሲባል ኮምፒዩተሩ ሥራውን አቆመ ማለት አይደለም። በማግስቱም ጠዋት እንደ ትናንቱ ይከፈታል፤ ደብዳቤ ይጻፍበታል፤ ሒሳብ ይሠራበታል። ብዙ ሰዎችን የሚያዘናጋቸውም ይህ ነው። የቀረው ነገር በዓይን አይታይም። ኩባንያው በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ የተገኙትን ቀዳዳዎች የሚደፍን ማሻሻያ ይልክ ነበር። ለአሮጌው ሲስተም የቀረው ይህ ጥገና ነው። የሣር ክዳን ያለው ቤት በየክረምቱ ካልተጠገነ በአንድ ቀን አይፈርስም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ዝናብ የራሱን ቀዳዳ ይጨምርበታል።

ጊዜ በሄደ ቁጥር አደጋው የሚያድግበት አንድ ሌላ ምክንያት አለ። አዲሱና አሮጌው ሲስተም ብዙ የጋራ ክፍል አላቸው። ኩባንያው በአዲሱ ላይ አንድ ቀዳዳ ሲደፍን፣ በዚህ ክፉ ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች የተደፈነውን ቦታ መርምረው ቀዳዳው የት እንደነበረ ይረዳሉ። ያው ቀዳዳ በአሮጌው ሲስተም ላይ ካለ፣ እዚያ ክፍቱን ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ የአዲሱ ቤት ጥገና ሳይታሰብ ለአሮጌው ቤት ሌባ መንገድ ያሳየዋል።

ይህ ፍርሃት ለማስነሣት የተባለ እንዳይመስላችሁ አንድ የታወቀ ታሪክ እንጥቀስ። ሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በዓለም ላይ ተሠራጨ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን መታ። የገባበትን ኮምፒዩተር ፋይሎች ሁሉ ይቆልፍና ለመክፈቻው 300 ዶላር የሚያወጣ ቢትኮይን ይጠይቃል፤ በሦስት ቀን ካልተከፈለ ዋጋው እጥፍ እንደሚሆን ያስፈራራል። ሰው ደብዳቤ እስኪከፍትለት ወይም አንድ ነገር እስኪጫንለት አልጠበቀም። ኮምፒዩተሮች ፋይል በሚጋሩበት አሮጌ መንገድ ላይ በነበረ ቀዳዳ እየገባ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በራሱ ተሻገረ።

በእንግሊዝ አገር የመንግሥት የጤና አገልግሎት በዚህ ክፉኛ ተጎዳ። ከ236 የሆስፒታል አስተዳደሮች መካከል 80 ያህሉ በቀጥታ ተይዘው ወይም ለጥንቃቄ ሲሉ ሥራቸውን አቋርጠው ታወኩ። በዚህም ምክንያት ከ19,000 በላይ የሕክምና ቀጠሮዎች እንደተሰረዙ ተገምቷል። ያን ቀን የታመመ ሰው፣ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው፣ ከመንገድ ተመለሰ። የኮምፒዩተር ጉዳይ በመጨረሻ የሰው ጉዳይ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ አደጋው ከመድረሱ ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች 2017 ወጥቶ ነበር። ከተመቱት አብዛኞቹ ገና ድጋፍ ያልተቋረጠባቸው የዊንዶውስ 7 ኮምፒዩተሮች ነበሩ፤ ማሻሻያው እያለላቸው ሳይጫንላቸው ቀርቶ ነው። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒን ይጠቀሙ የነበሩት ድጋፋቸው ከሦስት ዓመት በፊት አብቅቶ ስለነበር፣ ማሻሻያው ለሁሉም በነፃ የተሰጣቸው አደጋው በደረሰ ማግስት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ማለት ነው። እንግዲህ አዲስ ሲስተም መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ አሮጌውን ይዞ መተኛትም አይቻልም።

አንዳንዶቻችሁ፣ «ታዲያ ለምን ወደ ዊንዶውስ 11 አንዛወርም?» ትሉ ይሆናል። የሚችል ኮምፒዩተር ካላችሁ ይህ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው፤ ከትክክለኛ ዊንዶውስ 10 ለሚዛወርም ክፍያ የለበትም። ችግሩ ግን ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪና 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል፣ እንዲሁም አዲስ ትውልድ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በኢንቴል በኩል በአጠቃላይ ስምንተኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከ2017 በፊት የተሠሩት፣ በስጦታም የመጡልን ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች፣ ይህን መመዘኛ አያሟሉም። መመዘኛውን በዘዴ አልፈው የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ። ነገር ግን ኩባንያው እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ማሻሻያ የማግኘት ዋስትና እንደሌለው አስታውቋል። ስለሆነም ለአደራ ሥራ አይመከርም።

ሌላም እንቅፋት አለ። በብዙ ጽሕፈት ቤቶች የቆየው የሒሳብ መዝገብ የተሠራው በድሮ የፒችትሪ ፕሮግራም ነው። የቀድሞ ደብዳቤዎችና ሪፖርቶችም የተጻፉት በድሮዎቹ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች ነው፤ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሲወሰዱ ፊደሉ ተለዋውጦ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። አሮጌ ማተሚያ መሣሪያም በአዲሱ ሲስተም ላይ እምቢ ሊል ይችላል። ሰው አሮጌውን ኮምፒዩተር የሙጥኝ የሚለው ስንፍና ይዞት ብቻ አይደለም፤ ሥራው ታስሮበት ነው።

ከዚህ የተነሣ የምናቀርበው ምክር አሮጌውን ሁሉ ጣሉ የሚል አይደለም፤ እንዳለ ተዉት የሚልም አይደለም። ስለ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ እንላለን። የማን ስምና ገንዘብ በውስጡ አለ? ከውጭስ ጋር በምን ይገናኛል? «ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ አይሰጠንም፤ ጠጋኝ ያጣውም ይሠራልና።

ሥራውን በዚህ ሳምንት በመዝገብ ጀምሩ። በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትንና የአር ፊደልን ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫኑ አንዲት ትንሽ ሣጥን ትከፈታለች። በእርስዋ ውስጥ ዊንቨር የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ጽፋችሁ ስታስገቡ የሲስተሙ ስምና ቁጥር ይታያል። ይህን፣ የኮምፒዩተሩን ሥራ፣ የሚጠቀምበትን ሰውና በውስጡ ያለውን የመዝገብ ዓይነት በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ከዚያም በሦስት ክፍል ለዩአቸው።

አንደኛው ክፍል የሰው ስም፣ የጤና ሁኔታ፣ የባንክ ጉዳይ ያለባቸውና ኢሜይል የሚላክባቸው ናቸው። እነዚህ ድጋፍ ባለው ሲስተም ላይ መሆን አለባቸው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ገንዘብ የሚገኘው ለአንድ አዲስ ኮምፒዩተር ብቻ ከሆነ፣ እርሱ ለሥራ አስኪያጁ ክብር ሳይሆን ለተረጂዎቹ መዝገብና ለሒሳብ ሹሙ ይሰጥ።

ሁለተኛው ክፍል በድሮ ፕሮግራም ምክንያት የግድ የሚያስፈልጉት ናቸው። እነዚህን ከኢንተርኔት ፈጽማችሁ ለዩአቸው። ገመዱ ይነቀል፤ ዋይፋዩ ይዘጋ፤ የዋይፋዩ የይለፍ ቃልም ከኮምፒዩተሩ ላይ ይሰረዝ፤ አለዚያ አንድ ቀን በራሱ ይገናኛል። ከሌሎቹም የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተሮች ጋር በገመድ አይያያዙ፤ ዋናክራይ የተሻገረው በዚህ መንገድ ነውና። የተለየ ኮምፒዩተር ግን ሌላ በር አለው፤ እርሱም ፍላሽ ነው። ፍላሻችሁን ስትከፍቱ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ያገኛችሁበትን ቀን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ለዚያ ኮምፒዩተር ብቻ የሚያገለግል፣ በቀለም ምልክት የተደረገበት አንድ ፍላሽ ይኑር። ወደ እርሱ ከመሰካቱ በፊት ሁልጊዜ ድጋፍ ባለው ኮምፒዩተር ላይ በፀረ ቫይረስ ይመርመር። የእንግዳ ፍላሽ፣ የሞባይል ስልክም ቢሆን፣ ለቻርጅ እንኳ አይሰካበት።

ሦስተኛው ክፍል ለመተየቢያ፣ ለትምህርት መስጫና ለንባብ የሚያገለግሉት ናቸው። ለእነዚህ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አለ። ከዓይነቶቹ መካከል ሊኑክስ ሚንት ዊንዶውስ ለለመደ ሰው ብዙ አያደናግርም፤ ዊንዶውስ 11 በማይቀበሉ ብዙ ኮምፒዩተሮችም ላይ ይሠራል፤ ማሻሻያም ያገኛል። ሊብረ ኦፊስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል፤ በአማርኛም መጻፍ ይቻላል። ነገር ግን ፒችትሪ እንደ ዊንዶውስ አይሠራበትም፤ ለማስተማርም ጥቂት ሳምንታት ይጠይቃል። በመጀመሪያ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሞክሩት። ከመጫኑም በፊት በውስጡ ያለውን ፋይል ሁሉ አውጡ፤ ሲጫን የቀድሞው ሊጠፋ ይችላልና።

ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ አንዱ ዊንዶውስ 10 ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ መቆየቱ ግድ ሲሆንስ ምን ይደረግ? ኩባንያው በክፍያ የሚቀጥል የደህንነት ማሻሻያ አዘጋጅቷል። ለድርጅቶች በ2025 የተነገረው ዋጋ ለአንድ ኮምፒዩተር ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ሲሆን፣ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ቢበዛ እስከ ኦክቶበር 2028 ይዘልቃል። ዘግይቶ የገባም ያለፈውን ዓመት ይከፍላል። ሲደመር በሦስት ዓመት 427 ዶላር ይሆናል። በዚህ ገንዘብ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ያገለገለ ኮምፒዩተር ይገኝ እንደሆነ አስቀድሞ ማስላት ብልህነት ነው። ለግል ተጠቃሚዎች በ2025 የተዘጋጀው አገልግሎት ያለ ክፍያ የሚገባበት መንገድም ነበረው፤ የተወሰነለት ጊዜ ግን እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ነው። ይህ ሁሉ ጊዜ መግዣ እንጂ መፍትሔ አይደለም።

በዚህ የመሸጋገሪያ ጊዜ ከዚህ የሚከተሉትን ጠብቁ፦

1. በየዕለቱ የምትሠሩበት አካውንት የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሌለው ይሁን። ተንኮለኛ ፕሮግራም ቢገባ የሚይዘው የተጠቃሚውን ሥልጣን ያህል ነው።

2. የኢንተርኔት መክፈቻው ፕሮግራም ማሻሻያ የሚያገኝ ይሁን። የማይክሮሶፍት ኤጅ በዊንዶውስ 10 ላይ ቢያንስ እስከ ኦክቶበር 2028 እንደሚሻሻል ኩባንያው አስታውቋል። በዊንዶውስ 7 ላይ ግን ክሮም ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ በቁጥር 109 ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ ዊንዶውስ 7ን ይዞ ወደ ኢንተርኔት መውጣት አይገባም።

3. ፋየርዎል ይብራ፤ የማያስፈልግ የፋይል መጋራትና ከሩቅ ሆኖ ኮምፒዩተሩን የመቆጣጠር አገልግሎት ይዘጋ።

4. የባንክ ሥራና የድርጅቱ ዋና ኢሜይል በእርሱ ላይ አይከፈት።

5. ያለ ፈቃድ የሚጫኑ ፕሮግራሞችና ክራክ የሚባሉት መክፈቻዎች አይግቡ። ብዙ ጊዜ ሌባው የሚገባው በእነዚህ ተደብቆ ነው፤ ክራኩ ሲጫን ፀረ ቫይረሱን አጥፉ የሚባለውም በከንቱ አይደለም።

ስለ ፀረ ቫይረስ አንድ ቃል እንጨምር። በዊንዶውስ 10 ውስጥ ያለው ዲፌንደር አዳዲስ ቫይረሶችን የሚያውቅበትን መረጃ እስከ ኦክቶበር 2028 እንደሚያገኝ ተነግሯል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ፀረ ቫይረስ እንደ ዘበኛ ነው፤ መልኩን የነገሩትን ሌባ ይይዛል፤ የፈረሰውን አጥር ግን አይሠራም። ዘበኛ አለን ብላችሁ አጥሩን አትርሱ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የመጠባበቂያ ቅጂ አይዘንጋ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ከእያንዳንዱ ጠቃሚ መዝገብ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁን፤ አንዱም ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ ይቀመጥ። ቅጂው ከተወሰደ በኋላ ሃርድ ዲስኩ ይነቀል። እንደ ተሰካ ካደረ ፋይል የሚቆልፈው ፕሮግራም እርሱንም ይቆልፈዋልና። ከቤት ውጭ የሚወጣው ቅጂ በይለፍ ቃል ይቆለፍ። በሦስት ወር አንድ ጊዜም ከቅጂው ጥቂት ፋይሎች አውጥታችሁ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ክፈቱ። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ተስፋ እንጂ ቅጂ አይባልም። በድሮ የግዕዝ ፊደል የተጻፉትንም ሰነዶች ያ ኮምፒዩተር በሕይወት ሳለ ወደ ፒዲኤፍ ለውጡ፤ አስፈላጊዎቹን አትማችሁ በፋይል አስቀምጡ።

በመጨረሻ ኮምፒዩተሩ የሚሰናበትበት ቀን ይመጣል። ፋይል መሰረዝ ፋይል ማጥፋት አይደለም፤ የተሰረዘውን መልሶ የሚያወጣ ፕሮግራም በቀላሉ ይገኛል። ስለዚህ ሳትሸጡት ወይም ለሌላ ሳትሰጡት በፊት ሃርድ ዲስኩን አውጡ፤ አለዚያ በባለሙያ እጅ ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ አድርጉ። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ፣ የሰውን መረጃ የያዘ ሁሉ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሕጉ ባይኖርም ግን ግዴታው ነበረብን። አንዲት እናት የልጅዋን ስም፣ የባልዋን ሞትና የራስዋን ሕመም የነገረችን ከጠረጴዛው ወዲህ ማዶ የተቀመጠውን ሰው አምና ነው። ስለ ዊንዶውስ የምታውቀው ነገር የለም፤ ልታውቅም አይገባትም። የማወቁ ተራ የእኛ ነው።

ለማኅበረ ምእመናን መሪዎችም ሁለት ነገር እናሳስባለን። ያገለገለ ኮምፒዩተር በስጦታ ሲቀርብላችሁ አመስግናችሁ ከመቀበል በፊት፣ ስንት ዓመት እንደሠራና ዊንዶውስ 11 ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ። በዚህ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ሰጪውም የሚፈልገው የሚጠቅም ነገር መስጠት ነው። ደግሞም በየዓመቱ በጀት ስትይዙ፣ ለመኪናው ጎማ እንደምትመድቡ ሁሉ ለኮምፒዩተር መተኪያም ጥቂት መድቡ። ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ወጪ ድንገተኛ ሊባል አይችልም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ የሚያበቃበት ቀን ከዓመታት በፊት ተነግሮ ነበር፤ የሚቀጥለውም እንዲሁ ይነገራል።

ወገኖቻችን ሆይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በዚህ ሳምንት ገንዘብ ሳይጠየቅ የሚሠሩ ሦስት ነገሮች አሉ። መዝገቡን ጻፉ፤ የማያስፈልገውን ገመድ ንቀሉ፤ አንድ ቅጂ አውጥታችሁ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ አስቀምጡ። የቀረውን በየጊዜው እናደርሰዋለን። የመዝገባችሁን አንድ ቅጂ በመጪው የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ አያይዛችሁ ብትልኩልን፣ የትኛው ኮምፒዩተር አስቀድሞ መተካት እንዳለበት አብረን እንወስናለን።

 እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።